በቦልት ተመትቶ ያልሞተው ታርሞጎይፍ፦ ማናችን ነን ትክክል?

አረንጓዴ ማና፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ከጓደኛዬ ጋር ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ ስንጫወት አንድ ነገር ላይ ተጋጨን። እስካሁን አልተስማማንም። ጨዋታውን እዚያው አቁመን ሜዳውን ፎቶ አነሳነው። እጃችን ላይ የቀሩትን ካርዶችም ሳንተያይ ለየብቻ አስቀመጥናቸው። መልሱን ካገኘን ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሜዳ ላይ ታርሞጎይፍ የሚባል ፍጡር አለኝ። ለማያውቀው፦ የታርሞጎይፍ ጉልበት ቋሚ ቁጥር አይደለም። በሁሉም ተጫዋቾች መቃብር (ያገለገሉና የሞቱ ካርዶች መቆያ) ውስጥ ስንት የካርድ ዓይነት እንዳለ ይቆጠራል፤ ያ ቁጥር ጉልበቱ ነው። ጥንካሬው ደግሞ ያው ቁጥር ሲደመር አንድ። በዚያ ሰዓት ሁለታችን መቃብር ውስጥ የነበሩት መሬትና ፍጡር ብቻ ናቸው። ሁለት ዓይነት። ስለዚህ ታርሞጎይፌ 2/3 ነው፤ ጉልበቱ 2፣ ጥንካሬው 3።

ጓደኛዬ በራሱ ተራ ላይትኒንግ ቦልት ወረወረበት። ቦልት 3 ጉዳት ያደርሳል። ጥንካሬው 3 ነው። "ሞቷል፣ አንሳው" አለኝ። እኔ ደግሞ "ቆይ፣ ቦልቱ ራሱ ኢንስታንት የሚባል የካርድ ዓይነት ነው፤ መቃብር ሲገባ ሦስተኛ ዓይነት ይሆናል፤ ታርሞጎይፉ 3/4 ሆኖ ይተርፋል" አልኩት። እሱ "ጉዳቱ ቀድሞ ደርሷል፤ የሞተ ነገር አያድግም" አለኝ። እንዲህ ስንባባል አንድ ሰዓት ሄደ።

የሚያውቅ ይንገረን። እባካችሁ ምክንያቱን ጭምር።

ቀይ ሰማይ፦

ጓደኛህ ትክክል ነው። ቦልቱ መጀመሪያ ጉዳት ያደርሳል፣ ከዚያ ነው መቃብር የሚገባው። ጉዳቱ ሲደርስ ታርሞጎይፉ 2/3 ነበር። 3 ጉዳት በ3 ጥንካሬ ላይ ማለት ሞት ነው። እኔ ለዓመታት ቀይ ዴክ (የካርድ ስብስብ) ነው የምጫወተው፣ በዚህ ስንቱን ገድያለሁ።

አረንጓዴ ማና፦

ስንቱን ገድለህ ይሆናል ግን ትክክል ነበር ወይ ነው ጥያቄው ወንድሜ። ደንቡ ላይ የት ይላል?

የጥግ ዳኛ፦

ይተርፋል። ታርሞጎይፉ 3/4 ሆኖ፣ 3 ጉዳት ተሸክሞ፣ ሜዳ ላይ ይቆያል።

ቀይ ሰማይ ቅደም ተከተሉን በትክክል ነው የነገርከን። ጉዳቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ቦልቱ ቀጥሎ መቃብር ይገባል። የሳትከው ሞት መቼ እንደሚመጣ ነው። በማጂክ ፍጡርን ጉዳት በቀጥታ አይገድለውም። ጉዳት ምልክት ብቻ ነው። ፍጡሩ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። የሚገድለው ጨዋታው ራሱ የሚያደርገው ፍተሻ ነው። ይህ ፍተሻ በደንቡ መጽሐፍ ቁጥር 704 ላይ ነው ያለው። "ከጥንካሬው እኩል ወይም የበለጠ ጉዳት የተሸከመ ፍጡር አለ? ጥንካሬው ዜሮ የደረሰ አለ? ሕይወቱ ዜሮ የገባ ተጫዋች አለ?" እያለ ጨዋታው ይጠይቃል። ያገኘውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያነሳል።

ታዲያ ፍተሻው መቼ ነው? በካርዱ ሥራ መሐል በፍጹም አይደለም። የሚደረገው አንድ ተጫዋች ፕራዮሪቲ ሊያገኝ ሲል፣ ማለትም ካርድ የመጫወት ፈቃድ ሊሰጠው ሲል ነው። ቦልት ሥራውን ሲጀምር ጉዳቱን ያደርሳል። ከዚያ ካርዱ መቃብር ይገባል። መቃብር መግባቱ የራሱ የሥራው የመጨረሻ እርምጃ ነው፣ ደንብ 608 ላይ አለ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ጨዋታው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጠብቀው። ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው ምንድን ነው? መቃብር ውስጥ መሬት፣ ፍጡር፣ ኢንስታንት። ሜዳ ላይ 3 ጉዳት ያለበት 3/4። ሦስት ከአራት ያንሳል። አለቀ።

"የሞተ ነገር አያድግም" የሚለው አባባል ልክ ነው። ግን ታርሞጎይፉ በዚያች ቅጽበት ገና አልሞተም። የተመታ ነው እንጂ የሞተ አይደለም።

በነገራችን ላይ ይህ ከታርሞጎይፍ ጋር አብሮ የተወለደ ጥያቄ ነው። ካርዱ በ2007 ከወጣ ጀምሮ ይጠየቃል። እኔ ራሴ በውድድር ላይ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላስታውስም። ስለዚህ ማንም አይፈር።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ሜዳው ላይ ሌላ ምን ነበር? ሁሉንም ጻፍልኝ። የደንብ ጥያቄ ግማሹ ጠያቂው "አይመለከተውም" ብሎ የሚተወው ካርድ ውስጥ ነው ያለው።

ቀይ ሰማይ፦

እሺ። ይህን በእውነት አላውቅም ነበር። ጉዳት ራሱ ይገድላል ብዬ ነው ስጫወት የኖርኩት። አመሰግናለሁ። ቢያንስ ሁለት ጨዋታ በዚህ አሸንፌያለሁ፤ ለተጋጣሚዬ ዛሬ እነግረዋለሁ።

ግን አንድ ልጨምር። መቃብሩ ውስጥ ቀድሞ ኢንስታንት ቢኖርስ?

የጥግ ዳኛ፦

ጥሩ ጥያቄ። ያኔ ሁለቱን ዓይነቶች ማየት አለብህ። መሬትና ኢንስታንት ብቻ ካሉ ታርሞጎይፉ 2/3 ነው። ቦልቱ ሲገባ አዲስ ዓይነት አይጨምርም፣ ኢንስታንት ቀድሞ አለ። ፍተሻው ሲመጣ 3 ጉዳት ያለበት 2/3 ያገኛል። ይሞታል። ሦስቱም ካሉ ደግሞ መጀመሪያውኑ 3/4 ስለሆነ ቦልት አይበቃውም።

ሌላም አለ። የታርሞጎይፉ ባለቤት ሜዳ ላይ ሌይላይን ኦፍ ዘ ቮይድ ቢኖረው፣ የተጋጣሚው ካርድ መቃብር ሊገባ ሲል በምትኩ ከጨዋታ ይወጣል። ቦልቱ መቃብርን አይረግጥም ማለት ነው። ታርሞጎይፉ 2/3 እንደሆነ ይቀርና ይሞታል። የገዛ ካርድህ የገዛ ፍጡርህን አስገደለ። ቦልቱ "መቃብር ገብቶ ከዚያ የወጣ" አይምሰልህ፤ በጭራሽ አልገባም። አንዱን ክስተት በሌላ የሚተካ ውጤት እንዲህ ነው፦ የተተካው ነገር አልሆነም። በሌይላይን ሥር "ሲሞት" የሚሉ ችሎታዎች ዝም የሚሉትም ለዚህ ነው።

ሰንሰለት፦

እኔ የዩ-ጊ-ኦ፣ የሌላው የካርድ ጨዋታ፣ ተጫዋች ነኝ፣ ማጂክ ብዙም አላውቅም። ግን ይህን ሳነብ የእኛው ሰፈር ክርክር ትዝ አለኝ።

እኛ ጋ አዲስ ተጫዋች ሁሉ የሚሳሳተው በሚስቲካል ስፔስ ታይፉን ነው። ተጋጣሚህ አንድ ተራ የስፔል ካርድ ያነቃል። አንተ ታይፉንን በቼይን (መልስ በመልስ ላይ በሚደረደርበት ሰንሰለት) ትጨምርና ካርዱን ታወድመዋለህ። "አጠፋሁብህ፣ አይሠራም" ትላለህ። ይሠራል! ማውደምና መሰረዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካርዱ ቢወድምም ውጤቱ ቼይኑ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ተራው ሲደርስ ይፈጸማል። ታይፉን ላይ "ይሰርዛል" የሚል ቃል የለም። የሚቆመው ሜዳ ላይ ተገልጦ መቆየት ያለበት ካርድ ብቻ ነው፤ ኮንቲንዩየስ፣ ኢኩዊፕ ወይም ፊልድ ካርድ ማለቴ ነው። እነዚህ ሜዳ ላይ ከሌሉ ውጤታቸውም የለም።

በማጂክም እንዲህ ነው?

የጥግ ዳኛ፦

በችሎታዎች ላይ አዎ፣ ሐሳቡ አንድ ነው። አንድ ፍጡር "ይህን ክፈልና 1 ጉዳት አድርስ" የሚል ችሎታ ቢኖረውና ባለቤቱ ቢጠቀምበት፣ ችሎታው ስታክ ላይ ከወጣ በኋላ ፍጡሩን ብትገድለው ጉዳቱ አይቀርም። ድንጋዩን የወረወረውን ሰው ብትይዘው ድንጋዩ አየር ላይ ነው።

ስታክ ለማያውቅ፦ የተጠሩ ካርዶችና ችሎታዎች ተደራርበው የሚጠብቁበት ቦታ ነው። መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይፈጸማል። ወደ ጨዋታው የገባው በ1999 ከስድስተኛው እትም ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የድሮ ተጫዋቾች ይንገሯችሁ።

ሰንሰለት፦

እኛን ግን አንድ ነገር ይበልጥ ያሰቃየናል። "ጊዜው አለፈው" የምንለው። ካርዱ ላይ "ዌን" (በሆነ ጊዜ) ከተጻፈና "ዩ ካን" (ትችላለህ) ካለ፣ ያ ክስተት ከሁሉም በመጨረሻ የሆነ ነገር መሆን አለበት። ለምሳሌ "መቃብር በተላከ ጊዜ እንዲህ ማድረግ ትችላለህ" የሚል ጭራቅ አለህ እንበል። ትልቅ ጭራቅ ለመጥራት እሱን ሠዋኸው። መቃብር ገባ፣ ከዚያ ትልቁ ጭራቅ ተጠራ። መጨረሻ የሆነው መጠራቱ ነው። መቃብር መግባቱ አልፏል። ችሎታህን አትጠቀምም። "ኢፍ" (ከሆነ) ቢል ኖሮ ግን ትጠቀም ነበር።

አንዲት ቃል! ለዚህ ነው እኔ ካርድ ሳነብ ጣቴን ቃሉ ላይ አድርጌ የማነበው። ከ2011 ጀምሮ የካርዶቹ አጻጻፍ ሥርዓት ይዟል፤ ከሁለት ነጥቡ (:) በፊት ያለው ለማንቃት የሚያስፈልገው ሁኔታ ነው፣ ከነጠላ ሰረዝና ነጥቡ (;) በፊት ያለው ስታነቃ የምትከፍለው ወይም የምትመርጠው ነው፣ ቀሪው ሲፈጸም የሚሆነው። ሥርዓተ ነጥቡ ራሱ ደንብ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ክርክሬ በግማሽ ቀንሷል።

የድሮ ሰው፦

የጥግ ዳኛ፣ ስለ ድሮው ስለጠራሽን ልናገር። እኔ የተማርኩት ከስታክ በፊት ነው። ከዚያ ስታክ መጣ፣ ተማርኩ። ስታኩን ከተማርኩ በኋላ ደግሞ የውጊያ ጉዳትም ስታክ ላይ ይወጣ ነበር። ሞግ ፋናቲክ የሚባል 1/1 ነበረኝ። ራሱን ሲሠዋ 1 ጉዳት ያደርሳል። በውጊያ ጉዳቱን ስታክ ላይ አስቀምጬ፣ ከዚያ እሠዋውና ሁለት ጊዜ አስመታው ነበር። አንድ ትንሽ ፍጡር ሁለት ጉዳት።

በ2009 ደንቡ ተቀየረ። የውጊያ ጉዳት ስታክ ላይ መውጣቱ ቀረ። እኔ አልሰማሁም። አንድ ዓመት ያህል በድሮው ደንብ ተጫወትኩ። አብሮኝ የሚጫወተው ልጅ ከእኔ በዕድሜ ያንስ ስለነበር አመነኝ። "ጋሼ ያውቃሉ" ይል ነበር። በኋላ ሲነገረኝ ያ ልጅ ነው የታየኝ። ያሸነፍኩት ዕድሜዬን ይዤ ነው፣ ደንቡን ይዤ አይደለም። ሄጄ ነገርኩት፣ ይቅርታም ጠየቅኩት።

ስለዚህ "እኔ ለዓመታት እንዲህ ነው የምጫወተው" የሚለውን መልስ አታምጡ። የእኔን ጨምሮ።

የጥግ ዳኛ፦

ይህን ስለጻፉ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ ደንቡ ይንቀሳቀሳል። አንድ ስም ያላቸው ሁለት አፈ ታሪካዊ ፍጡሮች ሜዳ ላይ ሲገናኙ ድሮ ሁለቱም ይጠፉ ነበር። ከ2013 ወዲህ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ የእኔ የአንተን አያጠፋውም። በ2024 ደግሞ በውጊያ ላይ ለከላካዮች ጉዳት የምናከፋፍልበትን ተራ አስቀድሞ ማስያዝ ቀረ። እኔ ዳኛ ሆኜ ይህን የመጨረሻውን ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል። እጄ በልማድ ከላካዮችን ይደረድራል።

ካርድም እንዲሁ ነው። እጅህ ላይ ያለው የታተመው ጽሑፍ ያረጀ ሊሆን ይችላል። የሚሠራው ኦራክል የሚባለው ወቅታዊ ጽሑፍ ነው። ጋዘረር በተባለው ይፋዊ የካርዶች ማውጫ ላይ ይገኛል፤ ከሥሩም ለብዙ ካርዶች የተሰጡ ማብራሪያዎች አሉ። የደንቡ መጽሐፍ ከ200 ገጽ በላይ ነው፣ ማንም በቃሉ አይዘውም። እኔም አልያዝኩትም። የት እንደምፈልግ ነው የማውቀው።

ጥያቄ አለኝ፦

ዳኛ፣ እኔ ጨዋታውን ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ወር ነው። እርስዎን አንድ ሁለት ነገር ብጠይቅዎ ቅር አይልዎትም?

አንደኛ። ግሪዝሊ ቤርስ አለኝ፣ 2/2 ነው። ተጋጣሚዬ ቦልት ወረወረበት። እኔ ጃያንት ግሮውዝ መለስኩ፣ እስከ ተራው መጨረሻ +3/+3። መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ስለሚፈጸም ድቡ 5/5 ሆነ፣ ቦልቱን ቻለው። እስከዚህ ተስማምተናል። ተራው ሲያልቅ ግን "ግሮውዙ አለቀ፣ ድብህ 2/2 ሆኗል፣ 3 ጉዳት አለበት፣ ሞተ" አለኝ። አንስቼ መቃብር ከተትኩት።

ሁለተኛ። ላይትኒንግ ሂሊክስ በአንድ ፍጡር ላይ ወረወርኩ። 3 ጉዳት ያደርሳል፣ እኔ ደግሞ 3 ሕይወት አገኛለሁ። ተጋጣሚዬ በመልሱ ፍጡሩን ሠዋው። ጉዳቱ እንደሚቀር ገብቶኛል። ሕይወቱንስ አገኛለሁ?

የጥግ ዳኛ፦

ጠይቅ፣ ለዚህ ነው ያለሁት።

ድብህን ከመቃብር አውጣው። ተራ ሲያልቅ ሁለት ነገሮች በአንድ ቅጽበት ይሆናሉ፤ በፍጡሮች ላይ ያለው ጉዳት ይጠረጋል፣ "እስከ ተራው መጨረሻ" የሚሉ ውጤቶችም ያቆማሉ። ደንብ 514.2 ነው። አንዱ ቀድሞ አንዱ ቀጥሎ አይደለም። 3 ጉዳት የተሸከመ 2/2 ድብ የሚታይበት ቅጽበት ስለሌለ ፍተሻው የሚያገኘው ነገር የለም።

ግን ልብ በል። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጠው ሌላ ታሪክ ነው። አንተ አስቀድመህ ግሮውዝ ብትጠራና እሱ በመልሱ ቦልት ቢወረውር፣ ቦልቱ ቀድሞ ይፈጸማል፤ ድቡ 2/2 እንዳለ ይሞታል፣ ግሮውዙም ዒላማ ያጣል። ለዚህ ነው ፍጡርህን ለማሳደግ አትቸኩል የሚባለው።

ሂሊክስህ ሕይወት አይሰጥህም። የነበረው ዒላማ አንድ ነው፣ እሱም ጠፋ። ዒላማው በሙሉ ከጠፋ ካርዱ ምንም ሳይፈጽም መቃብር ይገባል፣ ከዒላማው ጋር የማይገናኘው ክፍል ጭምር። ብዙ ሰው "ሕይወቱ የኔ ጉዳይ ነው፣ ከፍጡሩ ምን አገናኘው" ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ካርዱ ግን አንድ ነው፣ ዒላማው ካልቆመ አይነሳም።

ጥያቄ አለኝ፦

ሁለቱንም ተሸንፌ ነበር ብዬ ነው የማስበው። አንዱን አተረፍኩ። ተባረኩልኝ ዳኛ።

ቀይ ሰማይ፦

እኔም አንድ አለኝ፣ ይህ ለብዙ ጊዜ ያልተዋጠልኝ ነው። ብለድ ሙን እጫወታለሁ፦ "መሠረታዊ ያልሆኑ መሬቶች ሁሉ ተራራ ናቸው።" ተጋጣሚዬ ኡርቦርግ አለው፦ "እያንዳንዱ መሬት ካለው ዓይነት በተጨማሪ ረግረግ ነው።" ኡርቦርግ ራሱ መሠረታዊ ያልሆነ መሬት ነው። እሱ "የኔ ካርድ በኋላ ስለገባ የኔ ያሸንፋል፣ ሁሉም መሬት ተራራም ረግረግም ነው" ይላል። እኔ እምቢ አልኩ ግን ምክንያቴን ማስረዳት አልቻልኩም።

የጥግ ዳኛ፦

እምቢ ያልከው በትክክል ነው። ይህ በጣም የምወደው ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ብዙ ቋሚ ውጤቶች አንድ ካርድ ላይ ሲደራረቡ ጨዋታው በንብርብር ይሠራቸዋል። ደንብ 613 ነው። መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ማን እንደሚቆጣጠረው፣ ከዚያ የጽሑፍ ለውጥ፣ አራተኛ የካርድ ዓይነት፣ ቀጥሎ ቀለም፣ ከዚያ ችሎታ፣ በመጨረሻ ጉልበትና ጥንካሬ። አብዛኛው ክርክር እዚህ ላይ ይፈታል፤ ሁለቱ ውጤቶች የተለያየ ንብርብር ላይ ከሆኑ የትኛው ቀድሞ ገባ የሚለው ምንም አይጠቅምም።

የእናንተ ግን ሁለቱም አራተኛው ላይ ናቸው፣ ሁለቱም የመሬት ዓይነት ይለውጣሉ። በአንድ ንብርብር ውስጥ በተለመደው አሠራር ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሠራል። ተጋጣሚህ የያዘው ይህን ነው። የዘነጋው ግን ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ መኖሩን ነው፦ አንዱ ውጤት ሌላው መኖር አለመኖሩን ይወስናል ወይ? ከወሰነ ወሳኙ ቀድሞ ይሠራል፣ ዕድሜ አይታይም።

እስቲ እንሞክረው። ኡርቦርግ ቀድሞ ቢሠራ ብለድ ሙን ላይ ምን ይለወጣል? ምንም። ብለድ ሙን አሁንም መሠረታዊ ያልሆኑትን ሁሉ ተራራ ያደርጋል። አሁን ገልብጠው። ብለድ ሙን ቀድሞ ቢሠራ ኡርቦርግ ምን ይሆናል? ተራራ ይሆናል። መሬት በእንዲህ ያለ ውጤት ተራራ ሲደረግ በላዩ የተጻፈውን ችሎታ ያጣል፣ ቀይ ማና (ካርድ የሚጠራበት መክፈያ) ብቻ ይሰጣል። "እያንዳንዱ መሬት ረግረግ ነው" የሚለው ጽሑፍ ራሱ ጠፋ። ስለዚህ ኡርቦርግ በብለድ ሙን ላይ ይመሠረታል፣ ብለድ ሙን ግን በኡርቦርግ ላይ አይመሠረትም። ብለድ ሙን ቀድሞ ይሠራል። ኡርቦርግ ዝም ይላል። ማን ቀድሞ ገባ ማን በኋላ፣ ለውጥ የለውም። መሠረታዊ መሬቶቹም እንደነበሩ ናቸው፣ ረግረግ አይጨመርባቸውም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምህ ሁለቱን በየተራ አስቀድመህ በወረቀት ሞክራቸው። አንደኛው ቅደም ተከተል የሌላውን ካርድ አፍ ከዘጋ መልሱን አገኘኸው።

ቀይ ሰማይ፦

"አፍ ከዘጋ" የሚለውን ያዝኩት። ይህን ዓመት ሙሉ ስፈልገው ነበር።

ሰንሰለት፦

ውድድር ላይ ሳትሆኑ፣ ዳኛም ሳይኖር፣ በይነመረብም ሳይሠራ ምን ታደርጋላችሁ? እኛ ሳንቲም እንጥላለን።

የድሮ ሰው፦

ሳንቲሙ ክፉ አይደለም፣ ጨዋታው ይቀጥላል። እኔ ግን መጀመሪያ ካርዱን ጮክ ብሎ ማንበብ እወዳለሁ። ካርዱን የሚያነበው ደግሞ ባለቤቱ ሳይሆን ተጋጣሚው ይሁን። የራሳችንን ካርድ ስናነብ የምንፈልገውን ነው የምናነበው። ከዚያም ካልተፈታ አንዱን መልስ ተስማምታችሁ ያዙ፣ ጥያቄውን ጻፉት፣ በኋላ አረጋግጡ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ውጤቱን ለመቀልበስ አትሞክሩ።

የጥግ ዳኛ፦

በዚህ እስማማለሁ። ውድድር ላይ ከሆናችሁ ግን እጃችሁን አንሱና ዳኛ ጥሩ። ወዲያውኑ፣ ካርድ ሳትነኩ። ሰው ዳኛ ሲጠራ ተጋጣሚው "ሌባ አልከኝ" ብሎ ሲቆጣ አይቻለሁ። ዳኛ መጥራት ክስ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ካርዶቹ ከተነካኩ በኋላ ስትጠሩኝ ነው የምቸገረው፤ የነበረውን ሜዳ መልሶ መገንባት ከባድ ነው። አረንጓዴ ማናና ጓደኛው ፎቶ አንስተው ማቆማቸው ደስ ያለኝም ለዚህ ነው።

አረንጓዴ ማና፣ ሜዳው ላይ የነበረውን ገና አልነገርከኝም።

አረንጓዴ ማና፦

ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ፎቶውን እያየሁ ነው። እኔ ጋ ታርሞጎይፉና አራት መሬት፣ ሁለቱ ያልተጠቀምኩባቸው አረንጓዴ። እሱ ጋ ዴዝራይት ሻማን የሚባል ፍጡር፣ ካለፈው ተራ ጀምሮ የቆመ፣ እና ሦስት መሬት። አንዱን ለቦልቱ ተጠቅሞበታል። አንድ ረግረግ አልተነካም። የእኔ ሕይወት 9፣ የእሱ 12።

የጥግ ዳኛ፦

አመሰግናለሁ። መልሴ አይለወጥም፤ ቦልቱ ሲፈጸም ታርሞጎይፉ 3/4 ሆኖ ይተርፋል። ጉዳቱ ግን እስከ ተራው መጨረሻ ላዩ ላይ እንዳለ አትርሱ።

ከዚህ በላይ ማለት አልችልም። ዳኛ ደንብ ይናገራል፣ ምን ተጫወቱ አይልም።

ቦልት የወረወረው፦

ሰላም፣ ያ ጓደኛው እኔ ነኝ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ተሸንፌያለሁ፣ ይተርፋል፣ ገብቶኛል። "ጉዳቱ ላዩ ላይ እንዳለ" የሚለውን ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ዳኛ፣ የደንብ ጥያቄ ነው የምጠይቀው። ዴዝራይት ሻማን አንድ ጥቁር ማና ከፍዬ ስጠቀምበት ከማንኛውም መቃብር አንድ ኢንስታንት ወይም ሶርሰሪ ካርድ ያወጣል፣ ተጋጣሚዬም 2 ሕይወት ያጣል። ቦልቱ ከተፈጸመ በኋላ ራሱን ቦልቱን ዒላማ ባደርገው ታርሞጎይፉ ምን ይሆናል?

የጥግ ዳኛ፦

ካርዱ መቃብር ውስጥ ስለሆነ ዒላማ መሆን ይችላል። ተራው ያንተ ስለሆነ ቦልቱ እንደተፈጸመ ፕራዮሪቲ መጀመሪያ የምታገኘው አንተ ነህ። ቦልቱ ከመቃብር ከወጣና ሌላ ኢንስታንት እዚያ ከሌለ፣ ዓይነቶቹ ወደ ሁለት ይመለሳሉ። ታርሞጎይፉ 2/3 ይሆናል፣ 3 ጉዳት ተሸክሞ። ቀጣዩ ፍተሻ ያገኘዋል።

ቀይ ሰማይ፦

ኧረ! እኔ ይህን አላየሁትም ነበር።

አረንጓዴ ማና፦

ዛሬ ማታ እንገናኛለን። ከዚያ እጽፋለሁ።

አረንጓዴ ማና፦

ተመለስኩ። ሜዳውን በፎቶው መሠረት ደረደርነው፣ እጃችንን ያዝን። ቦልቱ ተፈጸመ፣ ታርሞጎይፉ 3/4 ሆነ። እሱ ወዲያው ሻማኑን አዞረ (ለመጠቀም ካርዱን በጎኑ አጋደመ)፣ ረግረጉን ከፈለ፣ ቦልቱን ዒላማ አደረገ።

እኔ እጄ ላይ ጃያንት ግሮውዝ ነበረኝ። ትናንትም ነበረኝ። ግን ትናንት ቢሆን ምን ጥቅም እንዳለው አላይም ነበር። የሻማኑ ችሎታ ስታክ ላይ እያለ ግሮውዙን ታርሞጎይፉ ላይ ጠራሁ። ግሮውዝ ቀድሞ ተፈጸመ፣ ታርሞጎይፉ 6/7 ሆነ፣ ግሮውዙም መቃብር ገባ። ግሮውዝ ኢንስታንት ነው። ከዚያ የሻማኑ ችሎታ ተፈጽሞ ቦልቱ ከመቃብር ወጣ። ኢንስታንት ግን አሁንም አለ። 2 ሕይወት አጣሁ።

ጓደኛዬ "ተራው ሲያልቅ ግሮውዙ ይጠፋል፣ ያኔ ይሞታል" አለ። ከዚያ ራሱ ዝም አለ። ስልኩን አወጣና የድቡን መልስ ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

የጥግ ዳኛ፦

በሁለት ምክንያት ይተርፋል። ጉዳቱና ግሮውዙ በአንድ ላይ ይጠረጋሉ። ግሮውዙ ባይኖርም ደግሞ መቃብር ውስጥ በገባው በራሱ በግሮውዙ ካርድ የተነሳ ታርሞጎይፉ 3/4 ነው፤ 3 ጉዳት አይበቃውም። ሁለታችሁም በትክክል ተጫውታችኋል።

ቦልት የወረወረው፦

ማን ያሸንፍ እንደሆነ ገና አልታወቀም። እሱ 7 ሕይወት አለው፣ እኔ 12። ሻማኔ ሠርቶ ተኝቷል። አሁን ተራው የእሱ ነው፣ ታርሞጎይፉን እያነሳ ነው።